ጭስ አልባ ተብሎ ስለተመዘገበው አውቶቡሳችን

ለክቡር የንጹሕ ትራንስፖርት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እንዴት ሰንብተዋል? ደረትዎ ደኅና ነው? ጉሮሮዎስ? ትንፋሽዎ ሳይቆራረጥ ይወጣል፣ ይገባል? በእኛ አገር ደብዳቤ ሲጻፍ የሰውየው ጤና፣ የቤተሰቡ ደኅንነት፣ የከብቱና የአዝመራው ሁኔታ በየተራው ይጠየቃል፤ እርስዎ አዝመራም ከብትም እንደሌለዎት ስለማውቅ የሁሉንም ድርሻ ወደ ደረትዎ አዛውሬዋለሁ። እኔ በንፋስ መውጫ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጋር አንድ አጥር በሚጋራው ቤተ ክርስቲያን ዜማ የማስተምር መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ነኝ። ልዑል እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ ደኅና ነኝ። ባለቤቴ ላቀች ግን ደኅና አይደለችም፤ ይህንንም ደብዳቤ የምጽፍልዎ ስለ እርሷ ነው።

በጋዜጣ ላይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምንዎታለሁ። በደጅዎ በተመላለስኩ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት እየተባልኩ ስመለስ፣ ስብሰባ የሚያበዛ ሰው ጋዜጣ ማንበቢያ ጊዜ አያጣም ብዬ ገመትኩ። ርዝመቱንም ይታገሡኝ፤ እኛ ማኅሌት የምንቆም ሰዎች አጭር ነገር አልለመድንም።

ደግሞም የምጽፈው በቁጣ አይደለም። ክቡርነትዎ ጭስ የሰውን ደረት እንደሚጎዳ ማንም ያልነገረዎት ቅን ሰው መሆንዎን አምናለሁ። ቢያውቁ ኖሮ ይህን ባላደረጉብን ነበር። እንግዲህ በዚህ እምነት ላይ ቆሜ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ትምህርቱ እናመሰግናለን። ባለፈው ዓመት ባለሙያዎን ልከው በከተማው አዳራሽ ስለ አየር ንብረት አስተማሩን። ባለሙያው ትሑትና አንደበተ ርቱዕ ወጣት ነበር። ዓለም የምትሞቀው ከመኪናና ከፋብሪካ በሚወጣው ጭስ መሆኑን፣ ክረምቱም ዘግይቶ የሚገባውና ቀድሞ የሚወጣው በዚሁ ሰበብ መሆኑን፣ ስለዚህም በትልቁ ከተማ አውቶቡሱም፣ ታክሲውም፣ ዕቃ ጫኙም ቀስ በቀስ በመብራት ወደሚሄዱ መኪኖች እንደሚለወጥ አብራራልን። ለእኛም መስመር አንድ እንደሚደርሰን አበሠረን። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሞላ የሚባሉ፣ ስለ እርዳታ እህል ጉዳይ ከወገዳ በእግራቸው የመጡ የስማዳ ገበሬ ግን እጃቸውን አውጥተው፣ እኛ እንኳን መኪና አህያችንም በድርቁ ሞታለች፣ ታዲያ ጭሱን ማን አጭሶት ነው ሰማዩ እኛን የተቀየመን ብለው ጠየቁ። ባለሙያውም ሁላችንም ድርሻ ድርሻ እንዳለን በትሕትና አስረዳቸው። የአቶ ሞላ ድርሻ ዛፍ መትከል ሆኖ ተገኘና ሰውየው እህል ሊወስዱ መጥተው ችግኝ ተሸክመው ወደ ወገዳ ተመለሱ። ስለዚህም ትክክለኛ ክፍፍል ምስጋናችን ይድረስዎ።

ሁለተኛ፤ ስለ አቀባበሉ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቀላል፤ ግን የሆነው ሆኗል። አውቶቡሱ የሚመጣበት ቀን ሲነገረን የማናውቀውን እንግዳ በምን እንለየው ብለን ባለሙያውን አስጠይቀን ነበር። በሁለት ነገር ታውቁታላችሁ፣ ድምፅ የለውም፣ ጭስ የለውም የሚል መልስ መጣልን። እኛም እንግዳ አክባሪዎች ነንና ካህናቱ ነጭ ለብሰን፣ ከበሮና ጸናጽል ይዘን፣ ሕዝቡም በየሰፈሩ ተሰልፎ ከመንገዱ ዳር ቆምን። ከዳገቱ ጫፍ አረንጓዴ የተቀባ፣ ጎኑ ላይ ቅጠል የተሳለበት አውቶቡስ ብቅ አለ፤ የክቡርነትዎ መኪናም ከኋላው ይከተላል። ጆሯችንን አቀናን። ከአውቶቡሱ ምንም ድምፅ የለም። ጭስም የለም። ጎማው ጠጠሩን ሲፈጭ ብቻ ይሰማል። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፣ እኛም ወረብ ጀመርን፣ ቄሰ ገበዙ ጸበል ረጩት። እኔ ደግሞ ለቀኑ ብዬ ባዘጋጀሁት ቅኔ፣ ሙሴ በሲና ተራራ ካየው፣ እየነደደ ካልተቃጠለው ቁጥቋጦ ጋር አነጻጽሬ አወደስኩት።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ እንደሚያውቁት፣ እኛ ግን ዘግይተን እንደተረዳነው፣ አውቶቡሱ ድምፅ ያልነበረው ሞተሩ ጠፍቶበት ነው። ሹፌሩ አንተነህ ገና ዳገቱ ጫፍ ላይ ሳለ ሞተሩ ቀጥ ሲልበት ፍሬኑን አምኖ ቁልቁል ለቀቀው። እኛ የዘመርነው ቁልቁለት ለሚያንደረድረው የናፍጣ መኪና ነበር። ጸበሉ ሳይደርቅ አንተነህ ከመቀመጫው ወርዶ ጎረምሶቹን ግፉልኝ አለ። ገፉለት። ሲነሣም ከኋላው የተፋው ጭስ ነጭ ለብሰን የቆምነውን ካህናት የድግስ ጎላ አስመሰለን። ውስጡ ሲገባ ደግሞ ለመውረድ ደወሉን ይጫኑ የሚል የከተማ ማስታወቂያ እንደተለጠፈ ነው፤ ደወሉ ግን ተነቅሏል። በመብራት የሚሄዱት አዲሶቹ በትልቁ ከተማ ሥራ ሲጀምሩ ይህኛው አጫሽ ነው ተብሎ ከከተማው የተባረረ ነበር። ድሮ ነገሥታቱ ያስቀየማቸውን ሰው ወደ ሩቅ አገር ያግዙ ነበር፤ እርስዎ መኪና አጋዙብን። ለእስቴም አንድ ደርሷታል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ጎረቤት ሳይለዩ በማከፋፈልዎ ተደስተናል። ብቻ ቅኔዬን ይመልሱልኝ።

በዚያው ሰሞን የትልቁ ከተማ ጭስ ቀነሰ ተብሎ በራዲዮ ተነገረ። ሐሰት አይደለም። የቀነሰው ወዴት እንደሄደ ግን ራዲዮው ስላልተናገረ እንዳያሳስብዎ ብዬ ነው የምነግርዎ፤ እኛ ዘንድ በሰላም ደርሷል። ሰማዩ በከተማውና በእኛ በጋይንት መካከል አጥር እንደሌለው ከባለሙያዎ ትምህርት የተረዳሁ መስሎኝ ነበር። ምናልባት ያንን ክፍል ያስተማረው እኔ ለጸሎት የወጣሁ ጊዜ ይሆናል።

ሦስተኛ፤ ስለ ሞተሪኖው። ሞተሪኖ ማለት መኪና ሰው ሳይገፋው እንዲነሣ የሚያደርገው ዕቃ ነው፤ ይህንንም ትምህርት ያገኘሁት በተማሪዎቼ ትከሻ ነው። የእኛ አውቶቡስ ሞተሪኖ አይሠራም። የጋይንትን ብርድ ደግሞ ያውቁታል፣ ካላወቁትም እግዚአብሔር አያሳውቅዎ። አንዴ የጠፋ ሞተር ግማሹ ከተማ ካልገፋው አይነሣም። ስለዚህ አንተነህ ከማለዳ ጀምሮ ሞተሩን አያጠፋውም። ተሳፋሪ እስኪሞላ፣ ዕቃ እስኪጫን፣ ዘመድ እስኪሰነባበት ድረስ መናኸሪያው ውስጥ ቆሞ ያጨሳል። ስለ ከተማችን ስም የሚጠራጠር እንግዳ ካለ ይምጣና ይይ፤ ንፋሱ ይወጣል፣ ጭሱ ይቀራል። እኔ በአጥሩ ወዲህ ሆኜ አራራይ አሰማለሁ፣ ተማሪዎቼ ሦስት ቃል ብለው በአራተኛው ይስላሉ። ሄጄ አንተነህን ብለምነው፣ መሪጌታ ካጠፋሁት እርስዎ ነዎት የሚገፉልኝ ብሎ ጠየቀኝ። ዕድሜዬን አይቼ ወደ ተማሪዎቼ ተመለስኩ። ልጁን አልቀየመውም፤ የሚስለው ከሁላችን ይበልጥ ነው።

ይህም ሳያንስ መስመሩ ንጹሕ መስመር ተብሎ ስለተሰየመ፣ ወደ ደብረ ታቦር ይመላለሱ የነበሩት ሚኒባሶች ያጨሳሉ በሚል በመሥሪያ ቤትዎ ትእዛዝ ተነሡ። ትእዛዙ በራችን ላይ ተለጥፎ አንብቤዋለሁ። አማርኛው የተዋጣለት ነው። አሁን ወደ ደብረ ታቦር ለመሄድ የፈለገ ሰው ወይ በዚሁ አውቶቡስ ይሄዳል፣ ወይ በእግሩ።

አራተኛ፤ ስለ መብራቱ። በመብራት የሚሄደው አውቶቡስ ለምን እንዳልመጣልን ስንጠይቅ፣ በእናንተ ዘንድ በቂ ኃይል የለም ተባልን። መልሱን የሰማነው በትልቁ የመብራት ምሰሶ ሥር ቆመን ነው። ሽቦው በገብስ ማሳችን ላይ፣ በጣሪያችን ላይ፣ በመቃብራችን ላይ አልፎ ይሄዳል፤ ክረምት ከበጋ ሲያጉረመርም እንሰማዋለን። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። የከተማው አውቶቡስ በእኛ ራስ ላይ አልፎ በሚሄደው ኃይል ሳይጨስ ይሄዳል፤ እኛ ደግሞ እርሱ የጣለውን እንምጋለን። ከዚህ በላይ መተባበር ምን አለ?

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር። ላቀች በግድግዳው ወዲያ ስትስል ቁጥሩ ጠፋብኝ፤ እንግዲህ ያለ ቁጥር ልጨርሰው።

ላቀች የገብስ ቆሎና ዳቦ ሻጭ ናት። የምትቀመጠው ከመናኸሪያው በር አጠገብ፣ የጠዋት ፀሐይ በሚያርፍበት ግድግዳ ሥር ነው፤ አውቶቡሱ የሚቆመውም እዚያው ሆኖ የጭስ ማውጫው ወደ እርሷ ይዞራል። ለምን አልተነሣችም ይሉኝ ይሆናል። አንደኛ ነገር ቆሎ የሚገዛው ተሳፋሪ ነው፤ ተሳፋሪ ከሌለበት ብትቀመጥ ለድንቢጥ ነው የምትሸጠው። ሁለተኛውን ነገር ግን እኔ ራሴ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ጎረቤቶቿ እየሳሉ ቦታ ሲለውጡ እርሷ እምቢ ብላ ቀረች። ጸበል የተረጨ፣ ወረብ የተወረበለት፣ ባሌ ቅኔ የተቀኘለት ነገር እንዴት ይጎዳኛል ብላ ነበር። ክቡር ሆይ፣ ይህችን ሴት ከጭሱ ጋር ያስቀመጣት እምነቷ ነው። እርስዎ አረንጓዴ ቀለም ቀብተው ላኩልን፣ እኛ በቅንነት ባረክነው፣ እርሷም የእኛን ቡራኬ አምና ተነፈሰችው። በዚህ ነገር የሚሰማኝን ሁሉ ብጽፈው ለካህን አይገባም፤ ሆድ ይፍጀው።

ሳሉ ከክረምት በፊት ጀመራት። አሁን ከመናኸሪያው እስከ ቤታችን ያለችውን አጭር መንገድ እየተቀመጠች ነው የምትመጣው። ጤና ጣቢያ ወስጃት ሲስተር አዲስዓለም የምትባል ደግ ነርስ መረመረቻት። ምድጃ ላይ ብዙ ትቆያለሽ ወይ ስትላት እንደ ማንኛዋም ሴት አለች። ሌላ ጭስ የለም ወይ ስትላት ግን ላቀች ወደ እኔ አየችና አቀረቀረች። የተባረከውን አውቶቡስ በእኔ ፊት ለመክሰስ አፍራ ነው። የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሲስተር አዲስዓለም ከዚያ ጭስ እንድትርቅ አጥብቃ መከረቻት፤ ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው አየር የሚሰጥ ማሽን ስላላቸውም አፍንጫዋ ላይ ቱቦውን አደረገችላት። የፊቷ ወዝ ወዲያው ሲመለስ አየሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መብራት ጠፋ። ማሽኑ ጮኾ ዝም አለ። ነርሷ የመድኃኒት ካርቶን ቀድዳ ታራግብላት ጀመር፣ እኔም በነጠላዬ። በመስኮቱ ወደ ውጭ ብመለከት ያ ወፍራም ሽቦ ከጤና ጣቢያው ጣሪያ በላይ ተዘርግቶ ይታየኛል። ያን ጊዜ ተናደድኩ። አሁንም ተናድጃለሁ።

ለመሥሪያ ቤትዎ አቤት ብዬ እንደነበር ሳልጠቅስ ብቀር ውለታ ቢስ እሆናለሁ። የእርስዎ ጸሐፊ በመልካም ፊት ተቀብላኝ መዝገቡን ካገላበጠች በኋላ፣ አውቶቡሱ ጭስ አልባ ተብሎ ስለተመዘገበ በእርሱ ላይ የጭስ አቤቱታ መቀበል እንደማይቻል ነገረችኝ። ሞተሪኖውስ ይጠገንልን ስላት፣ በመብራት በሚሄዱት ክፍል ስለተመዘገበ የናፍጣ መኪና መለዋወጫ አይፈቀድለትም አለችኝ። እኔ በዘመኔ ብዙ ትርጓሜ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ድርብርብ ምሥጢር ግን ከየትኛውም ጉባኤ ቤት አልገጠመኝም። እግር ስሜ ወጣሁ።

አሁን ነገሩ ከሳል አልፏል። ሲስተር አዲስዓለም ሳንባዋ በፎቶ መታየት አለበት፣ ሐኪምም ቶሎ ሊያያት ይገባል ብላ ወደ ደብረ ታቦር ሪፈር ጽፋላታለች። አምቡላንሱ ለወላዶች የተመደበ ነው፤ ይገባቸዋልም፤ ከእነርሱ ቀምቼ ባለቤቴን አላስጭንም። ሚኒባሶቹን እርስዎ አንሥተዋቸዋል። እንግዲህ የቀረው ያ አውቶቡስ ነው። የመሐል ወለሉ ስለተበሳ ጭሱ ከውጭ ይልቅ ከውስጥ እንደሚብስ አንተነህ ራሱ ነግሮኛል። ጭስ ያሳመማትን ሴት ወደ ሐኪም የሚያደርሳት ያው ጭስ ነው። ሐኪሙ ዘንድ የምትደርስ መሆኑን እንጃ። ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ነገ ጠዋት እንሳፈራለን።

ክቡር ሆይ፣ በመብራት የሚሄድ አውቶቡስ ይላክልን ብዬ አልለምንዎትም። ያ ለእኛ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የምለምንዎ አንድ ሞተሪኖ ነው። አንተነህ ተሳፋሪ እስኪሞላለት ሞተሩን አጥፍቶ እንዲጠብቅ፣ መናኸሪያው እንዲተነፍስ፣ የሌሎች ሰዎች ሚስቶች ቆሏቸውን በሰላም እንዲሸጡ። እርሱ እንኳን ባይሆን ያን ቅጠል ከጎኑ ላይ ያስፍቁልን። የሚያጨስ ነገር አጫሽ መሆኑ ተጽፎበት ቢመጣ ሰው ይርቀዋል፤ ከመኪናው ይልቅ የጎዳን ቅጠሉ ነው። ለአቶ ሞላም ስለ ዝናቡ አንድ መልስ ቢልኩላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ችግኙ በድርቁ ደርቆባቸዋል።

በመጨረሻም ስለ ትምህርቱ፣ ስለ አረንጓዴው ቀለም፣ ስለ ንጹሑ መስመራችንና ስለ ተዋጣለት ትእዛዝዎ ደግሜ እያመሰገንኩ፣ ይህ ሁሉ የሆነው ካለማወቅ ነው ብዬ በልቤ ይቅርታ ያደረግኩልዎ መሆኔን በአክብሮት እገልጻለሁ። እግዚአብሔር አምላክ ትንፋሽዎን ያርዝምልዎ፣ ከደረት ሕመም ይሰውርዎ፣ መብራት በጠፋ ጊዜም የሚያራግብልዎ ሰው አያሳጣዎ።

በእርስዎ ጭስ ሥር ጉሮሮውን እየጠረገ የሚዘምር፣ ትሑት አገልጋይዎ

መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል
ንፋስ መውጫ፣ ታኅሣሥ ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ድጋሚ ማስታወሻ፤ ደብዳቤውን ከማሸጌ በፊት ላቀች አንብብልኝ ስላለችኝ በሙሉ አነበብኩላት። ስለ ካርቶኑ ስደርስ አለቀሰች፣ ስለ ቅኔው ስደርስ ሳቀች፣ ሳቋም ወደ ሳል ሄደ። ትንፋሿ ሲመለስላት ግን አንድ ቦታ እንዳርም ጠየቀችኝ። በአቀባበሉ ቀን እኔ ዓይኔ አውቶቡሱ ላይ ነበር፤ እርሷ የቆመችው ከክቡርነትዎ መኪና አጠገብ ነው። ጎረምሶቹ አውቶቡሱን መግፋት ሲጀምሩ፣ ጭሱ ገና ሳይወጣ፣ እርስዎ የመኪናዎን መስታወት ቀድመው ሲዘጉ አይታለች። ስለዚህ ባለማወቅዎ ያደረግኩልዎን ይቅርታ በታላቅ አክብሮት አንሥቻለሁ። ለነገ ጉዟችን የመስኮት ዳር ወንበር ይዤላታለሁ፤ የእኛ አውቶቡስ መስኮት ግን አይዘጋም።